ሸሪፍ ይበቃሃል

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

ይህን ደብተር የገዛሁት ቁጥር ልጽፍበት ነው፤ የዋይፋይ ቁጥር። ንዴት አይገባበትም ብዬ ለራሴ ነግሬያለሁ። እስቲ እናያለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ የወርቅነሽ ልጅ ሲፈን ትየርኪዲ የስደተኞች ካምፕ ክሊኒክ ውስጥ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ናት። አሠሪዎቿ አዲሱን የምስክር ወረቀት ያልያዘ ሰው ከሰኔ በኋላ ውሉ አይታደስም ብለዋል። ትምህርቱ በኢንተርኔት ነው፤ ማክሰኞና ዓርብ ከ11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት፣ በቪዲዮ። ካምፑ ውስጥ ቪዲዮ የሚችል ኔትወርክ የለም። ስለዚህ በእነዚያ ቀናት በሠራተኞች መኪና ጋምቤላ ትመጣና እኔና ወርቅነሽ የምንኖርበት ቤት ትማራለች። ሦስት ጊዜ የቀረ ይሰረዛል። ከመሀል ተቆርጦ ያልተመለሰም እንደቀረ ይቆጠራል።

ትናንት ተቆረጠባት፤ አልተመለሰችም። አንዱ ሄደ።

ያላደረግሁላት ነገር እኮ የለም። ጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል አጸዳሁላት። መጋቢት እዚህ ከተማ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል፤ ቆርቆሮ ሥር መቀመጥ ክዳን በተደፋበት ድስት ውስጥ መቀመጥ ነው። አቦቦ አጠገብ አንድ የማቀዝቀዣ መጋዘን ሲፈርስ፣ ግድግዳውን የለበሰውን ብርማ ፎይል ጠቅልዬ በጭነት መኪና አመጣሁ። ጣሪያውን፣ አራቱን ግድግዳ፣ የመስኮቱን መዝጊያ፣ የበሩን ጀርባ ሳይቀር አለበስኩት። ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ውጭ 41 ዲግሪ ሲሆን ውስጡ 34! ቴርሞሜትር ሰቅዬ ለሰፈሩ አሳየሁ። ሲፈን ዞር ዞር ብላ አየችና "ጋሼ፣ ጠፈርተኛ አደረግኸኝ" አለች። ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ያልረገጠ ሰው የሠራው ነው።

እንዲህ ያለ ክፍል ሰጥቻት በኔትወርክ ምክንያት ልትሰረዝ? በእኔ ዕድሜ አይሆንም።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ሦስት ጊዜ ተቆረጠ። ሦስቴም ተመልሳ ስለገባች ቀሪ አልተባለችም። በስልኳ ዳታ ሞከረች፤ እሱም እዚያ ክፍል ውስጥ ጨርሶ አልሠራም። ሁሉም ተባብሮባታል።

በነጻ የሚወርድ የዋይፋይ መለኪያ ስልኬ ላይ ጫንኩ። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል። እስከ 67 ድረስ ቪዲዮ ያለችግር ይሄዳል ይላል።

ሳሎን፣ ራውተሩ አጠገብ፦ 38 ከዜሮ በታች።
ማንጎው ሥር፦ 49።
የሲፈን በር ላይ፦ 58።

58 ጥሩ ነው። ወደ ውስጥ አልገባሁም። ትምህርት ላይ ናት፤ ደግሞም የሴት ልጅ ክፍል ነው፤ ከተረከበችው ጀምሮ ደፉን አልረገጥኩም። ከበሩ እስከ ጠረጴዛዋ ሦስት እርምጃ ነው። በር ላይ 58 ከሆነ ውስጥም ያው ነው።

ስለዚህ ችግሩ እኛ ጋ አይደለም። መለኪያው የጎረቤቱንም ያሳያል። የሸሪፍ ዋይፋይ ቻናል ስድስት ላይ ነው። የእኛም ስድስት። ተገኘ።

መጋቢት 7፣ እሑድ

ሸሪፍ ባለሱቅ ነው፤ አሥራ አራት ዓመት አጥር ለአጥር ኖረናል። አጥሩ ላይ ጠራሁት።

"ሸሪፍ፣ ቻናልህን ቀይር።"

"የዲሹን?"

"የዋይፋዩን። አንተም ስድስት ላይ ነህ፣ እኔም ስድስት ላይ ነኝ። እየተጋፋን ነው።"

"ጥዑሜ፣ አሥራ አራት ዓመት ስንጋፋ ኖረን ዛሬ ገና ታወቀህ?"

ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። እሱ ረመዳን ላይ ነው፣ እኔ ዐቢይ ጾም ላይ። ሁለት ጾመኞች በዚያ ፀሐይ ላይ ቆመው መነጋገር አልነበረባቸውም።

"ካፈጠርኩ በኋላ የገጠመልኝን ልጅ ደውዬ እጠይቀዋለሁ" አለ። "እኔ ማብሪያና ማጥፊያውን ነው የማውቀው።"

"አንተ መቼም ከሰው ላይ ካልወሰድክ አይሆንልህም" አልኩት።

ቀልድ ነበር። ከአፌ ሲወጣ ግን ቀልድ አልመስል አለ። ሸሪፍ ትንሽ አየኝና ገባ።

የራሴን ቻናል መቀየር እችላለሁ፤ ሁለት ደቂቃ ነው። ግን ለምን እኔ? ቀድሜ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

አሮጌው ላፕቶፔ ላይ ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት ጭኛለሁ። እዚያ ላይ ሌላ ነጻ ሶፍትዌር አለ፤ ከቤቱ ዋይፋይ ጋር የተያያዘውን ሁሉ ይዘረዝራል። የእኛ መሣሪያዎች ስድስት ናቸው። ሰባት አሳየኝ። ሰባተኛው ስም የለውም።

ሌባ።

11 ከ20 ላይ ፓስወርዱን ቀየርኩት። ሌባ እስኪጠግብ አይጠበቅም።

ሲፈን ሁለተኛውን ቀረች። አንድ ብቻ ቀራት።

በሁለቱ ነገሮች መካከል ግንኙነት አለ የሚለኝ ካለ በሩ ክፍት ነው፤ ይውጣ።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

እሺ። ክፍል ላይ እያለች ቀየርኩት። አውቃለሁ።

ትናንት ከክፍሏ ወጥታ ሳሎን በር ላይ ቆመች። እንድትጮኽብኝ ጠበቅሁ። "ጋሼ፣ አዲሱን ፓስወርድ ንገረኝ" ብቻ አለች። አዲሱ ፓስወርድ "መቼ ታገቢያለሽ" የሚል ነበር፤ ያለ ክፍተት፣ አንድ ላይ። እንዲያስቃት ብዬ ነበር ያወጣሁት። ፊደል በፊደል ነገርኳት፤ ፊደል በፊደል ጻፈችው። አላሳቃትም። ሰዓቱ አልፎ ነበር።

ሸሪፍ ባይኖር ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ዛሬ ትንሽ ቀለለኝ። የዋይፋያችንን ስም ቀየርኩት። በመንገዱ የሚያልፍ ሁሉ ስልኩን ሲከፍት "ሸሪፍ ይበቃሃል" የሚል ያያል። እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ እንደሚታይ ለክቼ አረጋገጥኩ።

ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ባለባጃጁ ወንዶሰን ሱቁ ፊት ቆሞ "ሸሪፍ፣ ምን ቢሰጡህ ነው የሚበቃህ?" ብሎ ጮኸ። ሰዎች ሳቁ። በመስኮት እያየሁ ነበር። ሸሪፍ ስልኩን አውጥቶ አየ። ሸሚዝ ኪሱ መለሰው። ወደ አጥሩ አልዞረም። ስኳር እየመዘነ ነበር፤ መመዘኑን ቀጠለ።

መለኪያውን ከፈትኩ፤ የእሱ ዋይፋይ ወደ ቻናል አሥራ አንድ ተዛውሯል። ፈርቶ ነው። መለኪያው የሚያሳየው ግን ከእሑድ ማታ ጀምሮ እዚያ እንደነበረ ነው። ነጻ ሶፍትዌር አንዳንዴ ሰዓት ያዛባል።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

አልተቆረጠባትም! ሁለት ሰዓት ሙሉ። ስሙ ሠራ።

ማንጎው ሥር ነበር የተቀመጠችው። "ነፋስ አለ" አለች። 34 ዲግሪ ክፍል ሠርቼላት ውጭ ትቀመጣለች። የዘንድሮ ልጅ።

ልተኛ ስል በወጥ ቤቱ በኩል ሰማሁ። ሲፈን፦ "ክፍሉ እኮ ነው እማዬ።" ወርቅነሽ፦ "ተይው በቃ፤ እንዳትነግሪው። ልቡ ነው የሚሰበረው።"

ክፍሉ ምን ሆነ? ጠበባት? ሌላ ቤት ልትከራይ ይሆን? ይህን ሁሉ ከደከምኩ በኋላ?

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

አሁንም አልተቆረጠባትም። አሁንም ማንጎው ሥር። እግሯን ቢንቢ እየበላት በአንድ እጇ ትመታለች፣ በሌላው ትጽፋለች። ግቢ አልኳት። "ደህና ነኝ ጋሼ።" ስቆጣ ወርቅነሽ በዐይኗ ገላመጠችኝ። የሚገላምጡበትን ምክንያት የሚነግረኝ የለም።

መጋቢት 17፣ ረቡዕ

ሰባተኛው ሌባ ታወቀ። ኛሉዋል የምትባል ናት፤ ከሲፈን ጋር እዚያው ክሊኒክ የምትሠራ። ለጥናት ስትመጣ ሲፈን ፓስወርድ ሰጥታት ኖሮ ስልኳ ከዝርዝሩ ሳይጠፋ ቀርቷል። ሲፈን ዛሬ በስልክ ስናወራ እንደ ዋዛ ነገረችኝ።

እና ሸሪፍ አይደለም። ይህን ጽፌዋለሁ፤ ይበቃል። ስሙን ግን ዛሬ አልቀይርም። በሳምንቱ ብቀይረው ሰው ምን ይላል? ደግሞ እኮ ስሙ ከወጣ ወዲህ አልተቆረጠም። የሚሠራ ነገር አይነካም።

መጋቢት 21፣ እሑድ

ዒድ ነው። ሌላ ዓመት ጠዋት ቀድሜ ሄጄ "ሸሪፍ፣ ለእኔ ያላስቀመጥክ እንደሆነ ጾምህ አልተቆጠረልህም" የምለው እኔ ነበርኩ። ዘንድሮ አልሄድኩም። ከረፋዱ ላይ ሳሊሃ፣ ሚስቱ፣ በሳህን ሸፍና ላከችልን። ሳምቡሳ። በምስር የተሠራ፣ በዘይት የተጠበሰ፤ እኛ ጾም ላይ መሆናችንን አስባ ለብቻ የሠራችው።

ምነው በቀረ። ሰው የሰደበውን ሰው ሳምቡሳ እንዴት ይበላል?

አራት በላሁ። ሁለቱን በንዴት።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

ሲፈን ወባ ይዟታል። ትናንት ከትምህርቱ በኋላ አንቀጠቀጣት፤ ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ገብታ የራሷን ደም ራሷ በማይክሮስኮፕ አነበበች። "ሁለት ፕላስ" ብላ የወባውን መጠን በስልክ ነገረችን፤ የሌላ ሰው ውጤት እንደምታነብ። መድኃኒቷን ይዛ መጣች።

ጮኽኩባት። ታማ ተኝታ ጮኽኩባት። ስንቴ ግቢ አልኩሽ? ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ውጭ የሚቀመጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ የት ነው የታየው? የሰው ወባ እየቆጠርሽ የራስሽን የማትጠብቂ? ፊቷን ወደ ግድግዳው፣ ወደ ፎይሉ አዞረች። የእኔን ጥላ እዚያ ላይ አየሁት፤ እጁን እያወናጨፈ።

ወርቅነሽ ክንዴን ይዛ አወጣችኝ። "ጥዑሜ፣ አንተ ሰው፣ አሁንስ አታስቀይመኝ" አለች።

መጋቢት 26፣ ዓርብ

ዛሬ ብትቀር ሦስተኛው ነበር። አልቀረችም ተባልኩ። እንዴት እንደሆነ ግን አልነገሩኝም። 10 ሰዓት ተኩል ላይ ወርቅነሽ ነጠላ አልብሳ ደግፋ ይዛት ወጣች። "ጤና ጣቢያ ትታይ" አለችኝ። ላፕቶፗንም ይዘውታል። ከምሽቱ 1 ሰዓት አልፎ ተመለሱ።

"ላፕቶፑ ጤና ጣቢያ ምን ይሠራል?" አልኩ።

"እንዲያው ያዝነው" አለች ወርቅነሽ።

ሲፈን ጫማ ላይ ነጭ ብናኝ አለ፤ ዱቄት መሰለኝ። ጤና ጣቢያ ዱቄት የለም። ማንም ምንም አይነግረኝም። በራሴ ቤት እንግዳ ሆንኩ።

መጋቢት 30፣ ማክሰኞ

ተሽሏታል። ትምህርቷን "ኛሉዋል ያገኘችልን ቦታ" ሄዳ ተማረች። ለምን እዚህ አይሆንም አልኩ። "ይሻላል ጋሼ።" ምኑ ይሻላል? በር ላይ ለካሁ፦ 58። ትናንትም 58። ከትናንት ወዲያም 58። ከዚህ የተሻለ ቁጥር የሚሰጣት ካለ ይምጣና ያሳየኝ።

ሚያዝያ 13፣ ሰኞ

ዛሬ ሁሉንም እጽፋለሁ።

ትናንት ፋሲካ ነበር። ኛሉዋል ዛሬ "እንኳን አደረሳችሁ" ልትል መጣች። ጓሮ ተቀምጠን ስለ ሲፈን ፈተና አወራን፤ ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ፣ በካሜራ ፊት ሁለት ሰዓት። እኔ መለኪያዬን አውጥቼ ቁጥሩን ማሳየት ጀመርኩ። ኛሉዋል ረጅም ናት፤ ለማየት ጎንበስ አለች፤ ከዚያ ወደ ሲፈን ክፍል ሄዳ በሩን ከፈተችና ውስጡን አየች።

"ጋሼ፣ ይሄ ቤት ኮንቴይነር ነው" አለች።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"እኛ ካምፕ ቢሮ ኮንቴይነር ነው። ውስጥ ስልክ አይሠራም። ሰው ደወለ፣ እንወጣለን። አወራን፣ እንገባለን። ሁሉም ያውቃል። ጥበቃውም ያውቃል። ይሄም ብረት ለብሷል። ኔትወርክ በየት ይገባል?"

"ኛሉ፣ ተይ" አለች ሲፈን ቀስ ብላ።

"ለምን ተይ? አንቺ አልነገርሽውም?"

ኛሉዋል ሦስታችንንም አየችን፤ ከዚያ "እሺ" ብላ ተቀመጠች።

ሳቅሁ። ጮክ ብዬ ነው የሳቅሁት። "ሦስት እርምጃ ነው!" አልኩ። ስልኬን ይዤ፣ ክፍሉን ካስረከብኩ ወዲህ ሲፈን ከታመመችበት ቀን ሌላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደፉን ተሻገርኩና በሩን ዘጋሁ።

89። ከዚያ ምንም። ስሙ ራሱ ከዝርዝሩ ጠፋ። "ሸሪፍ ይበቃሃል" የሚለው የለም፤ የሸሪፍም የለም፤ የማንም የለም። በሩን ከፈትኩ፦ 58። ዘጋሁ፦ ባዶ። ስምንት ጊዜ ከፈትኩ፣ ስምንት ጊዜ ዘጋሁ። ላፕቶፔን አስገብቼ በየሰከንዱ አንድ አንድ መልእክት ወደ ራውተሩ እንዲልክ አዘዝኩት። ከመቶው ሰባ አንዱ ጠፋ። ሶፍትዌሩ ሰዓት አያዛባም፤ ቁጥርም አያዛባም። ሁልጊዜ ልክ ነበር። የቆምኩበት ቦታ ነው ልክ ያልነበረው።

ሁለት ሶፍትዌር፣ አንድ ላፕቶፕ፣ ሃያ ሁለት ገጽ ቁጥር። የካምፑ ጥበቃ ያውቃል።

ስልኬን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቁት?" አልኩ።

"ከሁለተኛው ሳምንት" አለች ወርቅነሽ።

"እና አትነግሩኝም?"

"እንዴት እንንገርህ? ቴርሞሜትር ሰቅለህ ጎረቤት እየጠራህ ስታሳይ? አንድ ነገር ስንልህ በቀልድ ነው የምትመልሰን። ቀልዱ ሲያልቅ ደግሞ ትጮኻለህ።"

ወደ ሲፈን ዞርኩ። "ፈርተሽኝ ነው? እኔን?"

"አልፈራሁህም ጋሼ" አለች። "አዘንኩልህ።"

ብትፈራኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ውጭ ተቀመጠች። ስለዚህ ቢንቢ በላት። እንዳላዝን ብላ ወባ ታመመች፤ እኔም ታማ ሳለች ለምን ታመምሽ ብዬ ጮኽኩባት።

የመጨረሻውን ጠየቅሁ። ከታመመች ወዲህ የምትማረው የት ነው?

ወርቅነሽ ናት የመለሰችው። "ሸሪፍ ሱቅ። ጓዳው ውስጥ። ከመጋቢት 26 ጀምሮ።"

"ሸሪፍ ምን አለ?"

"'ግቢ' አላት። የዱቄት ጆንያዎቹን ገፋ አድርጎ ወንበር አስቀመጠላት። ሌላ ምንም አላለም።"

እኔ ስሙን በሰፈሩ ስልክ ሁሉ ላይ ሰቅዬ፣ እሱ የእህቴን ልጅ ጓዳው ውስጥ ያስተምራል። እኔም በየሳምንቱ "ስሙ ሠራ" እያልኩ እዚህ እጽፋለሁ። ደብተሩን ልቅደድ ብዬ ነበር። ይቀመጥ። ይመስክርብኝ።

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

መሥሪያ ቤት አልሄድኩም። ፎይሉን ገነጠልኩት። ሦስት ቅዳሜ የሠራሁትን በግማሽ ቀን። ሚስማሩን በጉጠት፣ የቀረውን በእጄ። ሁለት ጣቴ ተቆርጧል። ወርቅነሽ ጨርቅ ጠቅልላልኝ ሄደች። ቴርሞሜትሩንም አወረድኩት።

ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶ፦ 60። ከሁለት መቶ መልእክት ሁለት መቶ ደረሰ። አንድም አልጠፋም። ክፍሉ 40 ዲግሪ ነው።

የዋይፋዩንም ስም አጠፋሁ። ሌላ ስም ላወጣለት አሰብኩና ተውኩት። ከፋብሪካ የመጣበት ቁጥር ይበቃዋል።

ሲፈን ስትመጣ እየጎተትኩ ወስጄ አሳየኋት። ቁጥሩን አየች፤ ጣቴን አየች።

"ፈተናሽን እዚህ ትፈተኛለሽ" አልኩ።

"ጋሼ፣ እዚያው እፈተናለሁ።"

"60 ነው እኮ! በሩ ተዘግቶ!"

"አየሁት፤ ጥሩ ነው። ግን እዚያ ለምጄዋለሁ። በፈተና ቀን አዲስ ነገር እንዲያጋጥመኝ አልፈልግም።"

አዲስ ነገር ያለችው እኔን ነው። ልትለኝ አልፈለገችም እንጂ እኔን ነው።

ሚያዝያ 17፣ ዓርብ

ሸሪፍ ሱቅ ሄድኩ። የምለውን አዘጋጅቼ ነበር። ባንኮኒው ፊት ስቆም ግን ሁለት ሰው ነበረ። ሳሙና ጠየቅሁ።

"ስንት ልስጥዎት?" አለኝ።

አሥራ አራት ዓመት "አንተ ወስላታ" ያለኝ ሰው ነው። ሁለት አልኩ። በወረቀት ጠቀለለው፤ ለእኔ ጠቅልሎልኝ አያውቅም። "ሌላ የሚጨምሩት አለ?"

የለም አልኩ። ሳሙናውን ይዤ መጣሁ። ፈሪ ነኝ። አጥር ላይ ሆኖ ለመስደብ ጀግና፣ ባንኮኒ ፊት ቆሞ ሁለት ቃል ለማውጣት ፈሪ።

ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ

ፈተናው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ነበር። ደንቡ ካሜራው ፊት ሌላ ሰው ከታየ ወይም የሰው ድምፅ ከገባ ውጤቱ ይሰረዛል ይላል። ይህን ትናንት ከወርቅነሽ ስሰማ ሸሪፍ ምን ሊያደርግ ነው አልኩ። ጓዳውና ሱቁ መካከል ያለው መጋረጃ ብቻ ነው። "ሱቁን እዘጋለሁ ብሏል" አለች። ቅዳሜ። ከኢታንግ ከአቦቦ ሰው የሚገባበት ቀን።

ለ4 ሩብ ጉዳይ ላይ ዱካ ይዤ ሄድኩ። ሸሪፍ የብረት መዝጊያውን እያወረደ ነበር። በሩ ፊት ዱካዬን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። አየኝ። "ሰው መዝጊያውን እንዳይመታ" አልኩ። እሱም እዚያው በረንዳ ላይ፣ በወዲያኛው ጫፍ፣ ስኳር ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

መጀመሪያ ጨው ፈላጊ አንዲት ሴት መጣች። እጇ መዝጊያው ላይ ሳይደርስ ያዝኩት።

"ለምን ዘጋ?"

"ውስጥ ልጅ ትፈተናለች።"

"ሱቅ ውስጥ? ቤት የላትም?"

"አላት። እኔ አበላሸሁባት" አልኩ። በሹክሹክታ ነው፤ ግን አልኩ። አዝና አየችኝና ሄደች።

ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። እያንዳንዱ ይጠይቃል፤ ለእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ እጨምራለሁ። ክፍሉን ፎይል አለበስኩት። ኔትወርክ ዘጋሁ። በሰው አሳበብኩ። ፀሐዩ በረንዳው ላይ ወጣ፤ አልተነሳሁም። አንድ ሽማግሌ "ታዲያ ባለሱቁ ምን ጥቅም አለው?" አሉኝ። "ምንም" አልኳቸው። "ሞኝ ነው እንዴ?" "አይደለም አባቴ። ሞኙ እኔ ነኝ።" ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተስማምተውብኛል ማለት ነው።

ወንዶሰን ባጃጁን እያንደቀደቀ ደረሰ። ዘልዬ ሞተሩን አጠፋሁበት።

"እንዴ! ጋሽ ጥዑሜ፣ 'ሸሪፍ ይበቃሃል' ያልከው አንተ አይደለህ? ዛሬ ዘበኛው ሆንክ?"

እዚያ ስድስት ሰዎች ቆመዋል። ሸሪፍ ጆንያው ላይ ነው፤ ወደ መንገዱ ያያል።

"እኔ ነኝ ያልኩት" አልኩ። "ኔትወርክ ሰረቀ አልኩ፤ አልሰረቀም። ቻናልህን ቀይር አልኩት፤ በዚያው ምሽት ቀይሮልኛል። ይህን እያየሁ ስሙን ለጠፍኩበት። የእህቴን ልጅ ያስተማራት እሱ ነው። አሁን ገባህ? ገብቶህ ከሆነ ባጃጅህን እየገፋህ ሂድ።"

"እየገፋሁ?"

"ድምፅህን ቀንስ" አለ ሸሪፍ ከወዲያ፤ ለእኔ ነው። "ልጅቷን ታስደነግጣታለህ።"

ወንዶሰን እስከ ማዕዘኑ ድረስ ገፋው። ላቡ እየወረደ።

6 ሰዓት ላይ መዝጊያው ከውስጥ ተንኳኳ። ሲፈን ወጣች። ፊቷ እንደ ዱቄቱ ነጭ ሆኗል። "ጨረስኩ" አለች። "አልተቆረጠም።" ለሸሪፍ ነው የነገረችው፤ ከዚያ ለእኔ።

እሷ ስትሄድ ሸሪፍ መዝጊያውን እያነሳ ጠየቀኝ። "ስንት ሰው ነገርክ?"

"አሥራ አንድ።"

"ስሜን ዋይፋይ ላይ ስትሰቅል ስንት ሰው አየው?"

"ሰፈሩ በሙሉ።"

"እንግዲህ ይቀርሃል" አለና ገብቶ ሚዛኑን መጥረግ ጀመረ።

ግንቦት 4፣ ሰኞ

አለፈች። ሰባ ስምንት ከመቶ። ውሉ ይታደሳል፤ እዚያው ትየርኪዲ ትቆያለች፤ ለእሑድ ቤት ትመጣለች።

የሰማሁት ከወንዶሰን ነው። ወንዶሰን ከሸሪፍ። ሸሪፍ ከሲፈን። አራተኛ ነኝ! ከባለባጃጅ በኋላ! ደሜ ፈላ። መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ያለውን ወረቀት ሦስቴ አነሳሁ፣ ሦስቴ አስቀመጥኩ። ከዚያ ደወልኩላት፤ የምላትን ሁሉ ደርድሬ።

"ጋሼ" አለች፤ ገና ሳልናገር። "ተናደድክ?"

"አልተናደድኩም።"

"ተናደሃል።"

"አዎ። ተናድጃለሁ።"

"ጥሩ" አለች። "እንዲህ ስትለኝ ምን እንደምመልስልህ አውቃለሁ። ስትቀልድ ነው የሚጨንቀኝ። ለአንተ መጀመሪያ ብደውል አንድ ቀልድ ታመጣ ነበር፤ እኔም እስቅልህ ነበር። ሸሪፍ 'አልሐምዱሊላህ' ብቻ ነው ያለው። እሱን መስማት ፈልጌ ነው።"

ከጀርባዋ የክሊኒኩ ሰዎች ይጫጫሉ። አንድ ሕፃን ያለቅሳል። ካምፑ ውስጥ ስለሆነች ከኮንቴይነሩ ወጥታ ነው የምታናግረኝ፤ ፀሐይ ላይ ቆማ።

ሦስት ቀልዶች ምላሴ ላይ ነበሩ። አንዱ በእውነት ጥሩ ነበር።

"እንኳን ደስ አለሽ ልጄ" አልኳት። ከኋላው ምንም አልጨመርኩበትም።